የዲዳው ጋሼ ማገር

ጋሼ ወንድይፍራው ሞተ። የነገረችኝ አጠገቤ ተቀምጣ በጽሕፈት መኪና የምትጽፍ ልጅ ናት። አባቷን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄዳ ኖሮ፣ "አጠገባቸው የተኛው ሰውዬ ስለ አልጋ ሲከራከር ሞተ እኮ!" ብላ እየሳቀች ስታወራልኝ ስሙን ሳልጠይቅ አወቅሁት። የአልጋው ሁለት ብረቶች እርስ በርስ አልተያያዙም፣ ይወዛወዛሉ ብሎ ነው ነገር የጀመረው። አስታማሚዋ "አርፈው ይተኙ እንጂ አባቴ" ብትለው፣ "ልጄ፣ ሰው ወደ ታች ቢሞት ደንብ ነው፤ ወደ ጎን ግን አልሞትም!" አላት አሉ። ሽቦ አስመጥቶ፣ ብረቶቹን በመስቀለኛ አሳስሮ፣ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ሞከረና "አሁን ይሁን" ብሎ ተኛ። በዚያው ቀረ።

አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ የአለቃዬን ደብዳቤ ከመኪናው ላይ አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ከተቆጣኝ ይቆጣኝ፤ መቆጣት ሥራው ነው።

ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ፈረንሳይ አገር ተምሮ የመጣ መሐንዲስ መሆኑን፣ ከነጻነት በኋላ የሠራቸውን ድልድዮች ያወራሉ። ያውሩ። እኔ የማውቀው ዲላ የነበረውን ዲዳ ነው።

ጣሊያን ዲላ ሲገባ እኔ ገና የፊት ጥርሴን እየነቀልኩ ጣራ ላይ የምወረውር ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከዘመቻው አልተመለሰም። እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ከገበያው ጥግ ጨው፣ አቡጀዲና መርፌ ትሸጣለች። አንድ ቀን ጨው ጭነው ከመጡ በቅሎዎች ኋላ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡትቶ የለበሰ ሰውዬ ተከትሎ መጣና ደጃፋችን ላይ ቆመ። እናቴ አየችው። ፊቷ ልውጥ አለ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች፤

"ውይ ወንድሜን! ውይ ዲዳው ወንድሜን! አፍ የለው፣ ጆሮ የለው፣ እንዴት አድርጎ አገኘኝ!"

እጁን ይዛ ጎትታ አስገባችው። በሩ ሲዘጋ ዲዳው ወንድሟ ተናገረ።

"ዘነቡ፣ ምነው ጆሮዬን ጨመርሽበት? አፌ ብቻ አይበቃም ነበር?"

"አውቅሃለሁ እኮ። ከሰማህ ትመልሳለህ።"

የአክስቷ ልጅ ነው። ነገሩ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ጣሊያን የተማረ ሐበሻ እያደነ ይገድል ነበር፤ አብረውት የተማሩት አልቀዋል። ጋሼ ቋንቋ ያውቃል፣ ብረት ያውቃል፣ ከሁሉ የባሰው ግን ማወቁን ማሳየት ይወዳል። ዲላ ውስጥ አንድ ሰው "ይኼ ዲዳ ተናገረ" ቢል የእሱም የእናቴም አንገት ገመድ ይገባል። ይህንን እናቴ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። "ለማን ትነግሪያለሽ?" አለችኝ። "ለማንም" አልኳት። "ካወራሽ ምላስሽን በመርፌ እሰፋዋለሁ፤ መርፌ እንደሆነ ሞልቶኛል" አለች።

ዲዳ ሆነ እንጂ ዲዳነት አልሆነለትም። ሱቃችን ውስጥ ጥግ ይዞ ጨው ይፈጫል። የሰፈር ሴቶች መስማት የማይችል ሰው ስላገኙ ደስ ብሏቸው፣ እሱ ፊት የሆዳቸውን ሁሉ ይዘረግፋሉ፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ባል የት እንደሚያመሽ። እሱ ጨው እየፈጨ ፊቱን እንደ ድንጋይ ያደርጋል። እራት ላይ ግን የእያንዳንዷን ድምፅና ትከሻ እያስመሰለ አንድ በአንድ ይዘረዝርልናል። እናቴ "ኃጢአት ነው! ዝም በል!" ትላለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ "ከዚያስ ምን አለቻት?"

እጁም አያርፍም። ቀጭንና ጠፍጣፋ ነገር ካገኘ በጠርዙ አቁሞ በጣቱ ይጫነዋል፤ ወዴት እንደሚተኛ ለማየት ነው። ቢላዋ፣ የሳጥን ስንጣሪ፣ የእናቴ ሚዶ። ሚዶዋን ሰብሮባታል። ከቡሌ ቀርከሃ እያመጣ የሚሸጥና ቤት የሚሠራ ጂግሶ የሚባል ጌዴኦ ጎረቤት ነበረን። የሱቃችንን ዳስ ሲሠራልን ጋሼ እየተነሣ ያቆመውን ቋሚ ይነቅልበት፣ ያሰረውን ይፈታበት ጀመር። ጂግሶ ሥራውን አቆመና እናቴን በሰባራ አማርኛው ጠራት።

"እትዬ ዘነበች፣ ወንድምህ ዲዳ ነው?"

"ዲዳ ነው።"

"እሺ። ግን እጁ ይሳደባል።"

አንድ ደንበኛም ነበረን፤ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ። ከሰሜን የመጣ፣ ጸጉሩን በቅባት የሚለጥፍ ሰው ነው። በየቀኑ እየመጣ መርፌ ይገዛል። ሲሰፋ ግን ማንም አይቶት አያውቅም። መርፌውን ተቀብሎ ቆም ይልና እናቴን እያየ፣ "ዛሬ ደመና ነው ወይዘሮ ዘነበች" ይላል። እናቴ "ነው" ትላለች። በቃ፣ ይሄዳል። ማንን ለጣሊያኖቹ እንደሚጠቁም ስለማናውቅ እንፈራው ነበር። ጋሼ ደግሞ እሱ ሲመጣ ጨው የሚፈጭበትን ድንጋይ ሆን ብሎ ያንኳኳል።

ያን ጊዜ ነው ከከተማው በታች ባለው ወንዝ ላይ ድልድይ መሠራት የጀመረው። ሁለት ረጃጅም የብረት ተሸካሚዎች በካሚዮን መጡ። ላያቸውና ታቻቸው ጠፍጣፋ፣ መሃላቸው እንደ ሳንቃ የሳሳ፣ ከስፋታቸው ቁመታቸው የሚበልጥ ናቸው። የሥራው አለቃ ፊቱ የቀላ፣ ሲቆጣ አፍንጫው የሚያለቅስ ሰውዬ ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ "ሰናፍጭ" ይለው ነበር። ጋሼ ዘንቢል ይዞ እየሄደ ወንዙ ዳር ይቀመጣል። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ ሮጦ መጣ። ዲዳ አይሮጥም የሚል ሕግ ባይኖርም እናቴ ደነገጠች። እኔን በክንዴ አንጠልጥሎ ጓሮ እንሰቱ መሃል አስገባኝ።

"ፌንጣ፣ ይወድቃል!" አለኝ በሹክሹክታ። ፌንጣ የሚለኝ አንድ ቦታ ስለማልቆም ነው። ዐይኑ እንባ አቅርሯል፤ በደስታ።

"ያን የሚያህል ብረት?"

"ያን የሚያህል ስለሆነ ነዋ! ነይ ላሳይሽ።"

አጭር የሳጥን ስንጣሪ አንሥቶ በሁለት ድንጋይ ላይ በጠርዙ አቆመ። "ውጪበት" አለኝ። ወጣሁበት። ምንም አልሆነም። ከዚያ የዚያኑ ያህል ስፋት ያለው ረጅም ጣውላ በጠርዙ አቆመና ራቅ ባሉ ድንጋዮች ላይ አስቀመጠው። "ውጪበት።" ወጣሁ። ጣውላው አልተሰበረም፤ አልጎበጠም። መሃሉ ላይ ወደ ጎን ሸሸት አለና ተገልብጦ ጭቃ ላይ ጣለኝ። ጋሼ በሁለት እጁ አፉን ይዞ ሳቀ።

"አየሽ? አልከበደውም እኮ! ሲጫኑት የላይኛው ጠርዝ ይጨመቃል። የተጨመቀ ነገር መውጫ ይፈልጋል። ወደ ታች እንዳይሄድ ቁመቱ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ወደ ጎን ይሸሻል። ሲሸሽ የታችኛውን ጠርዝ 'ና እንሂድ' ይለዋል፤ የታችኛው ደግሞ እየተሳበ ስለሆነ ቀጥ ብሎ መቆም ነው የሚፈልገው። አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ። ታዲያ ምን ይሆናል? ይጠመዘዛል! ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን የሚሸሽ ምን ይባላል ፌንጣ?"

"ምን ይባላል?"

"ባንዳ! ብረቱ ባንዳ ነው!"

ያኔ ግማሹ ገብቶኛል። ኋላ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ጋሼ ይህንኑ ነገር በወረቀት ላይ በመስመርና በቁጥር አስረድቶኝ ነበር፤ እንደ ጭቃው ግን አልገባኝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለቱን ተሸካሚዎች በየመሃሉ በመስቀለኛ ብረት ማያያዝ፤ ልክ ግድግዳ በማገር እንደሚያዝ። ያን ጊዜ አንዱ ልጠመዘዝ ቢል ሌላው አይለቀውም። ብረቱ ይበልጥ በረዘመ ቁጥር ማገሩ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሰናፍጭ ይህንኑ ዓይነት ብረት አጭር ድልድይ ላይ ሠርቶበት ያለ ማገር ቆሞለታል። አሁን ወንዙ ሰፊ ነው። መስቀለኛ ብረቶቹ ታዘው ነበር፤ የጫናቸውን ካሚዮን መንገድ ላይ ጭቃ ውጦታል። ትልቁ ሹም ድልድዩን ሊመርቅ የሚመጣበት ቀን ደግሞ ደርሷል። ሰናፍጭ "ብረት ብረት ነው" ብሎ ሳንቃውን ከላይ እንዲሁ ደርድሮበት ጨረሰ።

እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"ምንም! ዘነቡ፣ ውበቱ እሱ ነው! ምንም! ዐይኔ ደካማ ስለሆነ ጠመንጃ አልሆነልኝም። አሁን ግን አፌን በመዝጋት ብቻ የጠላትን ድልድይ ከነካሚዮኑ እጥላለሁ!"

እናቴ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"አፍህን በመዝጋት? እንግዲያው ድልድዩ ይቆማል።"

ተቀየማት። ቀኑን ሙሉ ከእኛም ጋር ሳይነጋገር ዋለ፤ ለልምምድ ነው አለ።

ከምረቃው በፊት ያለው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ ወታደሮች ገበያውን ከበቡና ሰዉን ሁሉ ከነዘንቢሉ፣ ከነቅርጫቱ ወደ ወንዙ ይነዱት ጀመር። እናቴና እኔም ተነዳን። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ አስተርጓሚው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተናገረ፤

"አለቃው እንዲህ ይላል። ድልድዩ ጠንካራ መሆኑ ዛሬ ይፈተናል። ሁላችሁም ከዳር እስከ ዳር ሞልታችሁ ትቆሙበታላችሁ።"

"ካሚዮኑን ለምን አያቆምበትም?" አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ።

አስተርጓሚው ሰናፍጭን ሳይጠይቅ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ካሚዮን ውድ ነው" አላት።

ጋሼን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከማዶ ሳይሆን እዚሁ እኛ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ይህን አላሰበውም፤ በእሱ ስሌት ላይ የነበረው ካሚዮን ነው። አሁን ሕዝብ ሊወጣበት ነው፤ ሕፃን ያዘሉ፣ ጨው የተሸከሙ፣ እናቴ፣ እኔ። ወንዙ ዝናብ ጠግቦ ድንጋይ እያንከባለለ ይሄዳል። ያ ሁሉ ብረት ከነሰዉ ተገልብጦ በላያችን ሊተኛ ነው። ዝም ካለ እኛ አለቅን። ከተናገረ እሱ አለቀ።

ተነሣ። መሃል መንገድ ላይ ቆመና ሁለት እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ እንደ ሳንቃ ቀጥ አለ። ከዚያ የማይታይ ነገር አናቱን እንደሚጫነው ሆኖ ተርገፈገፈ፣ አንገቱ ወደ ግራ ሸሸ፣ እግሩ ወደ ቀኝ ቀረ፣ ወገቡ ተጠማዘዘና ጭቃ ላይ ተዘረረ። ወደ ብረቱ ጠቆመ። እንደገና ተነሣ። እንደገና ተጠማዘዘና ተዘረረ። ሕዝቡ ይስቃል። ሰናፍጭ ራሱ ይስቃል። ወታደሮቹ እየሳቁ መግፋታቸውን ቀጠሉ፤ ፊት ያሉት ሰዎች ሳንቃው ላይ እግራቸውን አሳረፉ።

ጋሼ ከጭቃው ተነሣና ደረቱን በአየር ሞላ። እናቴ ያን አተነፋፈስ ታውቀዋለች፤ ክርክር ሊጀምር ሲል ነው እንዲያ የሚተነፍሰው። አፉ ከመከፈቱ በፊት ቅርጫቷን ወርውራ ጮኸች፤

"ዛር! ዛር ወረደበት! ኧረ በማርያም፣ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት!"

እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ያን ያህል ፈጣን ሐሳብ አስባ አታውቅም። ዛር ሲወርድ የሚናገረው ዛሩ እንጂ ሰውዬው አይደለማ! ዲዳም ላይ ቢሆን ዛር አፍ አለው። ዛር የሚፈልገውን ሳይሰጡት ደግሞ እግር ማንሣት የሚባል ነገር የለም። ሳንቃው ላይ የወጡት ወረዱ።

ጋሼ እናቴን አያት። ገባው። አንገቱን እንደ ወፍጮ ያሽከረክር፣ ትከሻውን ያንቀጠቅጥ ጀመር። ቅቤ ሻጯ ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች።

"ማን ልበል ጌታዬ?"

"አያ ጎኔ ነኝ!" አለ፤ ድምፁ የፍየል ነው።

"ምን ይቅረብ አያ ጎኔ? ጥቁር ዶሮ ነው? ሽቶ ነው?"

"ዶሮ አልፈልግም! ቀርከሃ! ወፍራም ቀርከሃ! በሁለቱ ብረቶች መሃል፣ ከዚህኛው ራስ ወደዚያኛው እግር፣ ከዚያኛው ራስ ወደዚህኛው እግር፣ በመስቀለኛ!"

"ከላይ ከላይ ብቻ ብናስረውስ ጌታዬ?" አለ አንድ ሠራተኛ።

"ሁለት ሰካራም ስለተቃቀፉ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ እንዴ? ተቃቅፈው ነው ቦይ የሚገቡት! በመስቀለኛ አልኩ!"

ጂግሶ የቀርከሃ ሸክሙን አውርዶ ቆሞ ያይ ነበር። ጋሼን አየ። ብረቱን አየ። ደግሞ ጋሼን አየ።

"እኛ አገር መንፈስ ቀርከሃ አይበላም" አለ። ቀጥሎም፣ "ግን ቀርከሃው የኔ ነው። ይብላ።"

አስተርጓሚው ነገሩን ለሰናፍጭ ነገረው። ሰናፍጭ አፍንጫውን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ "በሉ ውጡ" አለ። የወጣ የለም። አለንጋ አነሣ። ሕዝቡ ባለበት ቁጭ አለ፤ ሠራተኞቹም አብረው ቁጭ አሉ። ሰናፍጭ ጀምበሯን አየ፣ ነገ የሚመጣውን ሹም አሰበ፣ ከዚያ እጁን አወናጨፈ። ይስጡት ማለቱ ነው።

ታዲያ መከራው ገና አሁን መጣ። ጋሼ መናገር የሚችለው እየተንቀጠቀጠ ብቻ ነው! ካቆመ ዛሩ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ቀርከሃው እስኪለካ፣ እስኪቆረጥ፣ በቃጫ ገመድ እስኪታሰር ድረስ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ብረቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከታች ለተንጠለጠለው ጂግሶ እየተንቀጠቀጠ ያዛል። አንዳንዴ ሥራው ሲጥመው ይረሳና ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ "አይ፣ አይ፣ ይሄኛው ላልቷል" ይላል። እናቴ ከዳር ትጮሃለች፤

"አያ ጎኔ፣ ይብረድዎታል እንዴ?"

ያኔ እንደገና አንገቱን ማሽከርከር ነው። አንድ ጊዜማ ሠራተኛው ቀርከሃውን ገልብጦ ቢያስርበት ተናዶ ስድቡን በፈረንሳይኛ ለቀቀበት። ሰናፍጭ ዞር አለ። ቀስ ብሎ መጥቶ ከጋሼ ፊት ቆመ። አፍንጫ ለአፍንጫ ሆኑ። እኔ የእናቴን ቀሚስ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት። ሰናፍጭ አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቀው፤ አስተርጓሚውም ዕቃ እንደሚያደንቅ ሰው ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ መለሰለት። ሰናፍጭ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ያለውን ለማወቅ ጓጉተን ሳለ አስተርጓሚው በእናቴ አጠገብ ሲያልፍ፣ እሷን ሳያይ፣ "ዛር የማያውቀው ቋንቋ የለም፣ አይደል ወይዘሮ ዘነበች?" አለ።

"የለም" አለች እናቴ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁላችንም ድልድዩ ላይ ወጥተን ቆምን። ቀርከሃው ጭጭ ብሎ ጨብጦ ያዘ። ከሥራችን ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ ይጮሃል፤ ብረቱ ግን ውልፍት አላለም። ወርደን ስናበቃ ዛሩ ለቀቀው፤ ጋሼም ወደቀ። የምሩን ነው የወደቀው፤ አንገቱ ተጣሞ ለሳምንት እንደ ዶሮ በአንድ ጎን ነበር የሚያየው።

በማግስቱ ትልቁ ሹም መጣ። ባርኔጣው ላባ አለው። ዲላ በሞላ ወንዝ ዳር እንዲሰለፍ ታዘዘ። ምግብና መጠጥ የጫነ ካሚዮን መጀመሪያ ሊያልፍ ተዘጋጀ፤ ማዶ ድግስ አለ። ሹሙ ግን ድልድዩን ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ለሰናፍጭ አንድ ነገር ብሎት ሳቀ። ሰናፍጭ ከቲማቲም የቀላ ሆነ። ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ ጮኸ። አስተርጓሚው ተረጎመ፤

"ድልድዬን የዶሮ ቆጥ አስመሰላችሁት ይላል። አሁኑኑ በሹሙ ዐይን ፊት ቀርከሃው ይቆረጥ ይላል።"

ሠራተኞቹ መጥረቢያቸውን ይዘው እርስ በርስ ተያዩ። ጂግሶ አልተንቀሳቀሰም። አስተርጓሚው ሹሙም ሰናፍጭም እያዩት ወደ ጋሼ ሄደ። ከፊቱ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"የአያ ጎኔ ፈቃድ ምንድነው? ቀርከሃው ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?" አለው።

ዲላ ሁሉ ጋሼን አየ። ጋሼ ድልድዩን አየ። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የሚሰቃይ ሰው አላየሁም። ድልድዩ የጠላት ነው፤ ማገሩ ግን የእሱ ነው። ትናንት ሲንቀጠቀጥ የዋለበት፣ አንገቱን የሰጠበት፣ ያማረ፣ ልኩን የጠበቀ ማገር። ሊቆርጡበት ነው። ትክክሉን ደግሞ ያውቃል፤ እያወቀ መናገር ያለመቻል ለእሱ ከመሰቀል ይብስበታል። ከዚያ ጣቱን ቀስ ብሎ አነሣና ጆሮውን አሳየ።

"ባ" አለ። "ባ ባ።"

መጥረቢያዎቹ ተነሡ። ቀርከሃው እየተቆረጠ ወንዙ ውስጥ ሲወድቅ እያንዳንዱ ምት የጋሼን ዐይን ያርገበግበው ነበር።

ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ። ሰናፍጭ ከጎኑ ደረጃው ላይ ቆሞ ለሹሙ ሰላምታ ይሰጣል። ሳንቃዎቹ ጓ ጓ አሉ። መሃል እስኪደርስ ድረስ ብረቱ አልጎበጠም፤ አልጮኸም። ከዚያ የአንዱ ተሸካሚ የላይኛው ጠርዝ፣ ስሙን እንደጠሩት ሰው፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር አለ። ሌላኛው ደግሞ ጓደኛው ምን እንዳየ ለማየት ፈልጎ ይመስል ተከተለው። ሹፌሩ ነቅቶ ዘለለ። ሁለቱ ብረቶች ደክሟቸው እንደሚያርፉ በሬዎች ቀስ ብለው በጎናቸው ተኙ፤ ካሚዮኑ እያዘነበለ ሄዶ ጨዋ በሆነ አኳኋን ወንዙ ውስጥ ተቀመጠ። የወይን ጠጅ በርሜሎች ተንሳፈፉ። መኮሮኒ ወንዙን ሸፈነው። ሰናፍጭ አንዱን በርሜል አቅፎ እየተሽከረከረ ወርዶ እንሰት ሥር ተጣለ።

ሹሙ አፉን ከፍቷል። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ወታደር ጸጥ ብሎ ሳለ አንድ ድምፅ ተሰማ። የፍየል አይደለም። ጥርት ያለ፣ የተማረ፣ በደስታ የሰከረ የሰው ድምፅ ነው።

"ተጠመዘዘ! አያችሁት? ተጠመዘዘ!"

ጋሼ ነው። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። አፉን መዝጋት የቻለው እስከዚያች ደቂቃ ብቻ ነበር።

የወታደሮቹ ራስ አንድ ላይ ዞረ። ሹሙም ዞረ። የእናቴ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ። ጋሼ እጁ ተዘርግቶ እንዳለ ደርቆ ቀረ፤ ምን እንዳደረገ ገባው። አንዱ ወታደር ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ያን ጊዜ ከጎናችን ወፍራም ድምፅ ተነሣ። ጂግሶ ነው።

"ተጠመዘዘ!" አለ። "ወይ ወይ! ተጠመዘዘ!"

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ደረቷን መታች። "ወየው! ተጠመዘዘ!" ቅቤ ሻጯ ተቀበለቻት። ሠራተኞቹ መጥረቢያቸውን ጣሉና እያጨበጨቡ፣ "ተጠመዘዘ! ተጠመዘዘ!" ወዲያው ወንዙ ዳር በሙሉ፣ አማርኛ የሚችለውም የማይችለውም፣ ደረቱን እየመታ፣ እየዘለለ፣ "ተጠመዘዘ! ወየው ተጠመዘዘ!" ይል ጀመር። እኔም ዘለልኩ፤ መዝለል እንደሆነ እችላለሁ። ጋሼ መሃላችን ጠፋ። ማን ቀድሞ እንደጮኸ እግዜር ራሱ ካልሆነ የሚለይ አልነበረም።

ሹሙ አስተርጓሚውን በጣቱ ጠራው። አስተርጓሚው ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ ቀረበ። ሹሙ ጠየቀው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ረጋ ብሎ መለሰለት። ያለውን ያወቅነው ኋላ ነው፤ እናቴን ካገባ በኋላ ራሱ እየሳቀ ነገረን።

"ክቡር ሆይ፣ እያለቀሱ ነው። በዚህ አገር ድልድይ ሲሞት እንዲህ ይለቀስለታል" ነበር ያለው።

ሹሙ ሕዝቡን አየ። የተኙትን ብረቶች አየ። ከዚያ ተረከዙን አጋጭቶ ቀጥ አለና ላባ ያለውን ባርኔጣ አወለቀ።